የመርከብ ፕሮፔለር በረዶ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? እቤት ሠርቶ የማየት ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት ነው። አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ጆሮ ያደነቁር ነበር። ሲያባራ የእህቴ ልጅ ደጃፍ ላይ ቆሞ የግቢውን ውሃ መውረጃ ቱቦ ያያል። በረዶው የቱቦውን አፍ ወትፎት ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ግቢውን አጥለቅልቆታል።

«አጎቴ፣ አንተ መርከብ ላይ ስትሠራ በረዶ እንዲህ አያስቸግራችሁም ነበር?» አለኝ።

ለዓመታት የመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ሁለት ክረምት ያሳለፍኩት በሰሜን አውሮፓ፣ ባልቲክ ባሕር ላይ፣ በረዶ መሀል ነው። በረዶ ፕሮፔለሩን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ እየዞረ መርከቧን የሚገፋትን ባለ ክንፍ መዘውር፣ ሲያገኘው ያለውን ድምፅና ንዝረት በቃል ላስረዳው ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ስለዚህ ዕቃ ሰብስበን ሠርተን አየነው። ከዚህ በታች ያለው እኛ የሄድንበት መንገድ ነው። አምስት ኪሎ ሜካኒካል ምህንድስና ለሚማሩ፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ወዳለው የማሪታይም አካዳሚ ለመግባት ለሚያስቡ፣ የሳይንስ ክበብ ላላቸው ተማሪዎች ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩት። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይበቃችኋል።

ደረጃ 1፦ በረዶ የሚያደርጋቸውን ሦስት ነገሮች ለዩ

ይህን ሳትለዩ ሥራ አትጀምሩ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው፦ በረዶ ጠንካራ ነው፣ ክንፉን ይመታዋል፣ ክንፉ ይታጠፋል። እውነት ነው። ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው መጋረድ ነው። የበረዶ ቁራጭ ከመርከቧ ሆድ ሥር ተንሸራቶ ይመጣና ከፕሮፔለሩ ፊት ይቆማል። ገና አልነካውም። ግን ፕሮፔለሩ የሚስበውን ውሃ ዘግቶበታል። ውሃው ወደ ክንፉ የሚመጣበት ፍጥነት ሲቀንስ፣ ክንፉ ውሃውን የሚያገኝበት አንግል ይሰፋል። አንግሉ ሲሰፋ ጭነቱ ይከብዳል። ሞተሩ ምንም ጠንካራ ነገር ሳይነካው ማቃሰት ይጀምራል። ክንፉ ላይ ያለው ግፊትም በጣም ስለሚወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። ይሄ ካቪቴሽን ይባላል። የእንፋሎቱ አረፋዎች ተጨፍልቀው ሲጠፉ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳ ይመስላል። ሞተር ክፍል ውስጥ ሆናችሁ በደንብ ትሰሙታላችሁ።

ሁለተኛው መላግ ነው። አናጢ በመላጊያ ሳንቃ እንደሚልግ፣ እያንዳንዱ ክንፍ በተራው ከበረዶው ላይ አንድ ስስ ሽፋን ይልጋል። ቁራጩ በመርከቧ አካልና በፕሮፔለሩ መሀል ተቀርቅሮ መሸሽ ሲያቅተው የሚሆነው ይሄ ነው። ሻፍቱን፣ ማለትም ሞተሩን ከፕሮፔለሩ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ፣ ለመጠምዘዝ የሚያስፈልገው ኃይል ዘሎ ይወጣል፣ የዙሩ ፍጥነት ይወርዳል።

ሦስተኛው መምታት ነው። ትንሽ ቁራጭ ገብታ በክንፉ ጫፍ ትመታና ትወረወራለች። አጭር ነው፣ ድምፁ ግን ያስደነግጣል።

ብዙ ጊዜ ሦስቱ ተከታትለው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይመጣሉ። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን፣ ድምፅ ያለውን ነው። እኔ ግን ከሁሉም ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው የመጀመሪያው ነው እላለሁ። ከበረዶው በፊት የሚጎዳችሁ የውሃው መጥፋት ነው። ሙከራውን ያዘጋጀነውም ይህን በዓይን ለማየት ነው።

ደረጃ 2፦ መጠኑን አስሉ

እኛ የወሰድነው 4 ሜትር ዲያሜትር ያለው ፕሮፔለር ነው። ለመካከለኛ የጭነት መርከብ የተለመደ መጠን ነው። የእኛን 4 ሴንቲ ሜትር አደረግነው። ስለዚህ መቶ እጥፍ አሳንሰናል ማለት ነው።

ርዝመት በመቶ ሲያንስ ፍጥነት በመቶ አያንስም። የሚያንሰው በመቶ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ10 ነው። ደንቡ በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በዊሊያም ፍሩድ ስም ይጠራል። የዙር ፍጥነት ደግሞ በተቃራኒው በ10 ይጨምራል። እውነተኛው ፕሮፔለር በደቂቃ 120 ዙር ቢዞር የእኛ 1200 ዙር መዞር አለበት። በሰከንድ 20 ዙር ነው።

አሁን የበረዶውን መጠን እንምረጥ። በባልቲክ የሚሠራበት የፊንላንድና የስዊድን የበረዶ ደረጃ ደንብ አለ። ከፍተኛው ደረጃ አንድ ኤ ሱፐር ይባላል። በዚህ ደረጃ ፕሮፔለሩ ሊቋቋመው የሚገባው የበረዶ ቁራጭ 1.75 ሜትር ውፍረት አለው። ወርዱ የውፍረቱ ሁለት እጥፍ፣ ርዝመቱ ሦስት እጥፍ ነው። አስሉት። 32 ሜትር ኩብ ይሆናል፣ ክብደቱ ወደ 29 ቶን ነው። የጫነ ሲኖትራክ ፕሮፔለር ውስጥ እንደገባ አስቡት። በእኛ ልኬት ግን 17.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 35 ወርድ፣ 52 ርዝመት ነው። ከሳሙና ቁራጭ አይበልጥም።

አንድ ነገር ግን አብሮ አይቀንስም። የበረዶው ጥንካሬ። በትክክል ከተሠራ ጥንካሬውም መቶ ጊዜ መድከም ነበረበት። ከፍሪዘር የወጣ በረዶ ግን ጥንካሬው ያው ነው። ለትንሿ ፕሮፔለር ድንጋይ ነው። ለዚህ ነው ትልልቆቹ የሙከራ ገንዳዎች ተራ በረዶ የማይጠቀሙት። ካናዳ ሴንት ጆንስ ከተማ 90 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ወርድ ያለው የበረዶ ገንዳ አለ። እዚያ ውሃው ውስጥ ኬሚካል፣ ሳሙና መሰል ነገርና ስኳር ጨምረው ነው በረዶውን የሚያደክሙት። እኛ በጨው እንሞክራለን።

ደረጃ 3፦ ዕቃ ሰብስቡ

መርካቶ ምናለሽ ተራ አንድ ጠዋት ይበቃል። የሚያስፈልጋችሁ፦ ከተበላሸ ፕሪንተር የወጣ ዲናሞ አንድ፣ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው በጎኑ የሚያሳይ የፕላስቲክ ሳጥን፣ አራት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ፣ ቴስተር፣ አንድ ግራም የሚለይ የኩሽና ሚዛን፣ ቀጭን ጣውላ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ሻማ፣ ቫዝሊን፣ ጥቁር ፕላስተርና ኩቴክስ። ሳጥኑ ካላገኛችሁ ትልቅ ሳፋም ይሠራል፤ ግን ከላይ እንጂ ከጎን ስለማታዩ ብዙ ያመልጣችኋል።

የፕሪንተር ዲናሞ ያልኩት በምክንያት ነው። የመጫወቻ መኪና ዲናሞ በጣም ይፈጥናል። በትንሽ ቮልት ቀስ ብሎ የሚዞር ነው የምንፈልገው። የፕሪንተሩ ለ24 ቮልት የተሠራ ከሆነ በ6 ቮልት ረጋ ብሎ ይዞራል።

ከሶኬት የሚመጣ ምንም ነገር አትጠቀሙ። ቻርጀርም ቢሆን። ውሃ አጠገብ ነው የምትሠሩት፣ ልጆችም ይኖራሉ። ባትሪ ድንጋይ ማንንም አይገድልም። መብራት ቢጠፋም ሙከራችሁ አይቋረጥም።

ደረጃ 4፦ ዲናሞው ውሃ እንዳይገባው አድርጉ

ዲናሞው ውሃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ብልቃጡ ውስጥ አስገብታችሁ በሻማ ትሞሉታላችሁ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

መጀመሪያ ሁለት ሽቦ በዲናሞው ላይ በየዱ። ቀጥሎ የዲናሞውን ቀዳዳዎች በሙሉ በፕላስተር ሸፍኑ። እኔ የመጀመሪያውን ዲናሞ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ሳልሸፍን የቀለጠ ሻማ አፈሰስኩበት፣ ውስጡ ገብቶ ረጋ፣ ዲናሞው አልዞር አለ። ሌላ መግዛት ነበረብኝ።

የብልቃጡን ሥር በሻፍቱ ልክ ብሱ። ዲናሞውን አስገቡና ሻፍቱን በቀዳዳው አውጡ። ቀዳዳው ዙሪያ ቫዝሊን በደንብ ቀቡ። ሻማውን ከሩብ ያህል ቫዝሊን ጋር አቅልጡ። ብቻውን ሲረጋ ይሰነጠቃል፤ ቫዝሊኑ ያለሰልሰዋል። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል፣ ጠርዙ መንጣት ሲጀምር አፍስሱ።

ደረጃ 5፦ ፕሮፔለሩን ቁረጡ

ሁለት ፕሮፔለር ያስፈልጋችኋል። አንዱ ከድልህ ጣሳ ቆርቆሮ፣ ሌላው ከለስላሳ ጣሳ። 4 ሴንቲ ሜትር ክብ ቁረጡ። መሀሉን ብሱ። ከጠርዙ ወደ መሀል አራት ቦታ ሰንጥቁ፣ መሀሉ ላይ አንድ ሳንቲም የምታህል ክብ ሳይቆረጥ ይቅር። አራቱን ክንፎች በፒንሳ እኩል ጠምዝዙ። አንግሉ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ብዙ ከጠመዘዛችሁት ውሃውን ከመግፋት ይልቅ ያሽከረክረዋል።

ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት። አንዱን ክንፍ ብቻ ኩቴክስ ቀቡት፣ ለምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

ሁለት ዓይነት ቆርቆሮ ያልኩት ልዩነቱን እንድታዩ ነው። የለስላሳው ጣሳ ስስ ስለሆነ ይታጠፋል። መታጠፉን ነው የምንፈልገው። የበረዶ ሰባሪ መርከቦች ክንፍ ብዙ ጊዜ ከማይዝግ ብረት ይሠራል፣ ጠንካራ የነሐስ ቅይጥም ይጠቀማሉ። ግን እሱም እንዲሰበር የተፈቀደለት ነገር ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ አንድ ነገር መሰበር ካለበት ክንፉ ይሰበር፣ ሻፍቱና ማርሹ ይትረፉ። ክንፉ በብሎን የሚታሰርበት ዓይነት ፕሮፔለር አለ፣ መርከቡ መለዋወጫ ክንፍ ይዞ ይሄዳል። ሻፍት ግን መሀል ባሕር ላይ አይቀየርም።

ደረጃ 6፦ የመለኪያውን ክንድ ሥሩ

ጣውላውን በማዕዘን መልክ ግጠሙት። አንዱ ክንድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሌላው አግድም ይሄዳል። ሁለቱም ከማዕዘኑ 20 ሴንቲ ሜትር ይርዘሙ። ማዕዘኑ ላይ ሚስማር አሳልፉና ሳጥኑ ላይ በተጋደመ ሳንቃ ላይ በነፃ እንዲወዛወዝ አድርጋችሁ አቁሙት። ወደ ታች በሚወርደው ጫፍ ዲናሞውን እሰሩ፣ ሻፍቱ አግድም ይሁን። የአግድሙ ክንድ ጫፍ ሚዛኑ ላይ ይረፍ።

ፕሮፔለሩ የታችኛውን ክንድ ሚዛኑ ካለበት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲገፋ፣ የላይኛው ክንድ ሚዛኑን ይጫናል። ሁለቱ ክንዶች እኩል ስለሆኑ ሚዛኑ ያነበበው ግራም ፕሮፔለሩ የገፋው ኃይል ነው። ሚዛኑ ካልተጫነ የዲናሞውን ሁለት ሽቦ አገላብጡ።

ፕሮፔለሩ ከውሃው ወለል ቢያንስ 6 ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ። ከዚያ ከፍ ካለ አየር ከላይ ይስባል። አረፋ ታያላችሁ፣ «ካቪቴሽን አየሁ» ትላላችሁ። አይደለም። ይህ ስህተት በጣም ቀላል ነው፣ ስለዚህ ላስረዳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ የሚጫነን ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ በሚሆን ኃይል ነው፣ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ለዚህ ነው። ይሄ ካቪቴሽንን ትንሽ ያቀርበዋል። ለትንሽ ፕሮፔለር ግን አይበቃም። በእኛ ልኬት ካቪቴሽን ለማየት ከሳጥኑ በላይ ያለውን አየር በሙሉ ማለት ይቻላል መምጠጥ ያስፈልጋል። ትልልቅ ላቦራቶሪዎች የተዘጋ መሿለኪያ ውስጥ አየር እየመጠጡ የሚሠሩትም ለዚህ ነው። እኛ ሳጥን ውስጥ የሚታየው አረፋ ሁሉ ከላይ የተሳበ አየር ነው።

ደረጃ 7፦ በረዶውን አዘጋጁ

በረዶ የሚለው ቃላችን ሁሉንም ይጠቀልላል። ከሰማይ የሚወርደውም፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለውም፣ ባሕር ላይ የረጋውም በረዶ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ሦስት ዓይነት ለይታችሁ ሥሩ።

አንደኛ፣ የንጹሕ ውሃ ቁራጭ። ከላይ ባሰላነው መጠን፣ በትንሽ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አርግታችሁ በቢላ አስተካክሉ። ሁለተኛ፣ የጨው በረዶ። በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ጨው ጨምሩ። የባሕር ውሃ ጨዋማነት ይህን ያህል ነው። በትሪ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ አፍስሱና ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ። ሲረጋ ጨዋማው ውሃ በበረዶው መሀል በትንንሽ ኪሶች ይቀራል፣ ስለዚህ በረዶው ይላላል። በጣት ስትጫኑት ትሰማላችሁ። ሦስተኛ፣ ሊጥ የመሰለ በረዶ። የጨው በረዶውን በፌስታል አድርጋችሁ በሙቀጫ ዘነዘና ውቀጡት።

የሳጥኑን ውሃ ከፍሪዘር በወጣ ሃይላንድ ቀድማችሁ አቀዝቅዙ። ካልቀዘቀዘ በረዶው ሳትለኩ ያልቅባችኋል።

ደረጃ 8፦ መጀመሪያ ያለ በረዶ ለኩ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። ያለ በረዶ ያለውን ካላወቃችሁ በረዶው ምን እንደለወጠ አታውቁም።

በሁለት፣ በሦስት፣ ከዚያ በአራት ባትሪ ድንጋይ አስነሱት። 3፣ 4.5 እና 6 ቮልት ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ሚዛኑ ያነበበውን ግራም፣ ቴስተሩ ያነበበውን አምፔር፣ የዙሩን ፍጥነት። አምፔሩ ዲናሞው ሻፍቱን ለመጠምዘዝ ምን ያህል እየታገለ እንደሆነ ይነግራችኋል። አምፔሩ ሲጨምር ትግሉም በዚያው ልክ ጨምሯል ማለት ነው።

ለዙሩ ኩቴክሱ ያስፈልጋል። በስልክ ስሎ ሞሽን በሰከንድ 240 ምስል ቅረጹ። ቀዩ ክንፍ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ስንት ምስል እንዳለፈ ቁጠሩ። 12 ምስል ከሆነ በሰከንድ 20 ዙር፣ በደቂቃ 1200 ነው። ዒላማችንም እሱ ነው።

ከዚያ አንድ ቁጥር አስሉ። ግራሙን ለ102 አካፍሉ፣ ኒውተን ይሆናል። እሱን ለ1000፣ ውጤቱን ለዙር ፍጥነቱ ስኩዌር፣ ውጤቱን ለዲያሜትሩ አራተኛ ፓወር አካፍሉ። ፍጥነቱ በሰከንድ፣ ዲያሜትሩ በሜትር ይሁን። መሐንዲሶች ይህን ቁጥር ኬ ቲ ይሉታል። ለምሳሌ በሰከንድ 20 ዙር እየዞረ 31 ግራም ከገፋ ኬ ቲ 0.3 አካባቢ ይወጣል። መርከብ ቆሞ ሲገፋ እውነተኛ ፕሮፔለርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሦስቱም ቮልት ኬ ቲ ተቀራራቢ ከሆነ መለኪያችሁ ደህና ነው። በጣም ከተለያየ አንድ ነገር ይነካል፣ ሚስማሩን ፈትሹ።

ደረጃ 9፦ መጋረድን እዩ

እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ንጹሑን የበረዶ ቁራጭ በሹካ ወይም በሚስማር ጫፍ ያዙት። በራሱ ከተተወ ይንሳፈፋል፣ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ። ስለዚህ ወደ ፕሮፔለሩ ጥልቀት መጫን አለባችሁ። እውነተኛ መርከብ ላይ ይህን የምታደርገው መርከቧ ራሷ ናት። አፍንጫዋ በረዶውን ሰብራ ወደ ታች ትጫነዋለች፣ ቁራጩ በሆዷ ሥር ተንሸራቶ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ቁራጩን ከፕሮፔለሩ ፊት፣ ውሃ በሚስብበት በኩል፣ 4 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያዙት። አምፔሩን አንብቡ። 2 ሴንቲ ሜትር ላይ አምጡት። ከዚያ 1። ከዚያ ግማሽ። ሳይነካ።

እጃችሁ ላይ መጀመሪያ የሚሰማችሁ መሳብ ነው። ፕሮፔለሩ ቁራጩን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ርቀቱ ሲጠብ ጉተታው ይበረታል። ቀጥሎ አምፔሩን እዩ፣ ምንም ሳይነካው ይነሳል። የእህቴ ልጅ «ነክቶታል» ብሎ ተከራከረኝ። ቪዲዮውን አይቶ ነው ያመነው።

አሁን ቁራጩን ወደ አንድ ጎን አድርጉና የፕሮፔለሩን ግማሽ ብቻ ጋርዱ። በሌላው እጃችሁ ጣውላውን ነካ አድርጉ። ይንቀጠቀጣል። አንድ ክንፍ በጥላው ውስጥ ሲያልፍ ጭነቱ ይከብዳል፣ ሲወጣ ይቀላል። አራት ክንፍ በሰከንድ 20 ዙር ማለት በሰከንድ 80 ጊዜ ከባድና ቀላል ማለት ነው። ባልቲክ ላይ በሌሊት ከአልጋዬ የሚያነቃኝ የነበረው ይሄ ንዝረት ነው። ከድምፁ በፊት በእግሬ ነበር የማውቀው።

ደረጃ 10፦ አስልጉት፣ ከዚያ አስመቱት

ለዚህ የድልህ ጣሳውን ፕሮፔለር ግጠሙ። የጨው በረዶውን ሉህ በሁለት ጣት ስፋት ቁረጡ። በእንጨት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ክንፎቹ ግፉት። ጣታችሁን አታስጠጉ። ነጭ ዱቄት ከኋላ ሲወጣ ታያላችሁ። ጠርዙን ስታወጡት የክንፎቹ ዱካ እኩል እኩል ተሰልፎ ይታያል። በፍጥነት ስትገፉት ዱካዎቹ ይራራቃሉ፣ አምፔሩም ይዘላል።

ዲናሞው ጨርሶ ከቆመ ከሦስት ሰከንድ በላይ አትተዉት፣ ይቃጠላል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ዲናሞ ሲቆም እንኳ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይጠመዝዛል። ከፕሮፔለሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ናፍጣ ሞተር ግን ዙሩ በጣም ከወረደ ይጠፋል። በረዶ ሰባሪዎች ናፍጣው ጄኔሬተር እንዲያዞር፣ ፕሮፔለሩን ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲያዞር የሚያደርጉበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረችው ክሪስቶፍ ደ ማርጀሪ የተባለች የተፈጥሮ ጋዝ ጫኝ መርከብ እያንዳንዳቸው 15 ሜጋ ዋት የሆኑ ሦስት የኤሌክትሪክ ፕሮፔለሮች አሏት።

ለመምታቱ የለስላሳ ጣሳውን ፕሮፔለር ግጠሙ። የንጹሕ ውሃ በረዶ በባቄላ መጠን ሰባብራችሁ አንድ በአንድ ወደሚስበው ውሃ ልቀቁ። ከ20 ቁራጭ በኋላ አውጥታችሁ እዩት። የታጠፈው የክንፉ ሥር ነው ወይስ ጫፉ? ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ? ሳሉት፣ ቀን ጻፉበት። ደንቡም ክንፉን በሁለቱም አቅጣጫ የሚያጥፍ ኃይል ለየብቻ ያሰላል። ግን ያስታውሱ፣ ይህ በረዶ ለዚህ ልኬት በጣም ጠንካራ ነው። የመታጠፉን ዓይነት እንጂ መጠኑን ከእውነተኛ መርከብ ጋር አታወዳድሩ።

ደረጃ 11፦ ቀለበት አልብሱት

ከሃይላንድ ላይ ቀለበት ቆርጣችሁ በፕሮፔለሩ ዙሪያ አስጠግታችሁ እሰሩ። ጎታች ጀልባዎች እንዲህ ዓይነት ቀለበት አላቸው። ቀስ ብሎ በኃይል ለመግፋት ይረዳል። ክፍተቱን አጥብባችሁ ከሠራችሁት በሚዛኑ ላይ ልዩነት ልታገኙ ትችላላችሁ።

አሁን የተወቀጠውን በረዶ በብዛት ጨምሩ። ቀለበቱ አፍ ላይ ይከመራል። ከዚያ ይወተፋል። የእህቴ ልጅ ወዲያው «የግቢያችን ቱቦ!» አለ። ልክ ነው። ከአሁን በኋላ የሚሆነው መጋረድ ነው፣ ያውም ሙሉ በሙሉ። ቀለበቱን አውጡና ያንኑ ያህል በረዶ ጨምሩ። አብዛኛው በጎን ያልፋል። የመርከቡ ሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳም እንዲሁ ሊጥ በመሰለ በረዶ ይደፈናል። ሞተሩ በረዶ መሀል ሆኖ ይሞቃል።

ደረጃ 12፦ አቁሙት፣ ከዚያ ወደ ኋላ አዙሩት

ባትሪውን አላቁና የበረዶ ቁራጭ በእንጨት እየገፋችሁ በቆመው ፕሮፔለር ላይ አሳልፉ። ሁልጊዜ አንዱን ክንፍ ብቻ ነው የሚያገኘው። መርከብ በረዶ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ፕሮፔለሩ እንዳይቆም የሚደረገው ለዚህ ነው። ቀስ ብሎም ቢሆን ይዙር። የሚወጣው ውሃ ከኋላ ያለውን በረዶ ያርቃል።

ከዚያ ሽቦውን አገላብጡ። አሁን ከኋላ የነበረው በረዶ ወደ ፕሮፔለሩ ይሳባል። ተራ መርከብ በረዶ ውስጥ ወደ ኋላ ሲሄድ መሪው ቀጥ እንዲል፣ ፍጥነቱም ቀስ በቀስ እንዲጨምር የሚታዘዘው ከዚህ የተነሣ ነው። ፕሮፔለርና መሪ የሚሰበርበት ሰዓት ነው።

ግን የውሃውን ወለል ልብ ብላችሁ እዩ። የተወቀጠ በረዶ በትኑበት። ፕሮፔለሩ ውሃውን ከበረዶው ሥር እየሳበ በማዶ ይረጨዋል። በረዶው ከሥሩ ውሃው ሲሸሽበት መደገፊያ ያጣል። የሚረጨው ውሃ ደግሞ በመርከቧ ሆድና በበረዶው መሀል ገብቶ ፍትጊያውን ይቀንሳል። ይህን የድሮ ሰዎችም ያውቁት ነበር። በ1898 እ.ኤ.አ. የተሠራችው የፊንላንድ በረዶ ሰባሪ ሳምፖ ከኋላዋ አንድ፣ ከፊቷ ደግሞ አንድ ፕሮፔለር ነበራት። በ2002 እና በ2003 ሥራ የጀመሩት ተምፔራና ማስቴራ የተባሉ ነዳጅ ጫኞች ከዚህም አለፉ። በክፍት ባሕር በፊታቸው ይሄዳሉ። ከባድ በረዶ ሲገጥማቸው ዞረው በኋላቸው፣ ፕሮፔለሩን አስቀድመው ይገባሉ። ፕሮፔለሩ ከነሞተሩ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚዞር ተራው መርከብ ያለበት የመሪ ችግር የለባቸውም።

ስትጨርሱ ዲናሞውን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ሻፍቱን ቫዝሊን ቀቡ። ጨው ከቀረበት በሳምንት ውስጥ ይዝጋል። የጨው ውሃውን አትክልት ላይ አትድፉት። ማስታወሻችሁን ግን በደንብ አስቀምጡ። ቀጥሎ የአምስት ክንፍ ፕሮፔለር ስትሞክሩ የምታወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው።